ከፊት 4 ጫማ፣ ከኋላ 7

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቤት የገዛ ሰው ግቢውን ሊያጥር ሲነሳ ደንቡ ሁለት ቁጥሮች ይሰጠዋል። ወደ መንገዱ በሚያየው በፊት ለፊቱ ግቢ አጥሩ ከ4 ጫማ መብለጥ የለበትም፤ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ከጎንና ከኋላ ግን እስከ 7 ጫማ፣ ማለትም ከ2 ሜትር በላይ ማቆም ይችላል። ባለቤቱ አንድ ነው፣ መሬቱም አንድ ነው፣ የሚገዛው እንጨት እንኳ ከአንድ መደብር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ተገላቢጦሽ ይመስላል። እዚያ ገንዘብም ጉልበትም የሚፈስሰው በመንገዱ በኩል ነው፤ ረጅሙ ግንብ፣ የብረት በሩ፣ ከአናቱ የተሰካው የጠርሙስ ስባሪና የተጠቀለለው የእሾህ ሽቦ ሁሉ ፊቱን ወደ አላፊ አግዳሚው ያዞረ ነው። ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌ ቆርቆሮ ይበቃዋል። የአሜሪካው ደንብ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ትቶ ከአጥሩ ውጭ ማን እንደቆመ ሲያይ ነው። የአጥር ደንብ በይዘቱ የዓይን ደንብ ነው፤ ማን ማንን ማየት እንዳለበትና ማን ከማን ዓይን መከለል እንደሚችል ይወስናል። በዚህ ሚዛን ሲታይ አብዛኛው ክፍሉ ይጸናል፤ የማይጸናም አለው።

በጣም የጸናው ክፍል የመንገድ ደኅንነት ነው። መኪናውን ከግቢው ወደ ኋላ እያስወጣ ያለ ሰው በእግረኛ መንገዱ ላይ ብስክሌት የሚነዳን ልጅ ማየት የሚችለው አጥሩ ዝቅ ያለ ወይም የሚያሳይ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በሜሪላንዱ የሞንትጎሞሪ ካውንቲ የማዕዘን ቤት አጥር ከመገናኛው እስከ 15 ጫማ ባለው ርቀት ውስጥ ከመንገዱ ጠርዝ ከ3 ጫማ በላይ እንዲቆም አይፈቀድም፤ የአሽከርካሪው ዓይን ከዚያ ከፍታ በላይ የግድ ክፍት መስክ ይፈልጋልና። የማዕዘን ቤት የገዙ ሰዎችን ዘግይቶ የሚያስደነግጣቸውም ይኸው ነው። በብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ቤት በደንቡ ዓይን ሁለት ፊት አለው፤ ባለቤቱ «ጎን» የሚለው ወገን ለደንቡ «ፊት» ነው። ዓይንን ለመክፈት ሲባል ቁመት የሚቀንሰው ሕግ መዋኛ ገንዳ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይገለበጥና ቁመት ያዛል። በአገሪቱ በስፋት የሚሠራበት የግንባታ ኮድ በገንዳ ዙሪያ ያለው አጥር ቢያንስ 48 ኢንች እንዲሆን፣ በርብራቡ መካከል 4 ኢንች ስፋት ያላት ኳስ እንዳታልፍ፣ በሩም ከለቀቁት በራሱ እንዲዘጋና እንዲቆለፍ ይጠይቃል። 4 ኢንች በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ የሕፃን ሰውነት እንዳይሾልክ የተለካ ነው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሁሉም በላይ የሚገድለው መስጠም መሆኑን ላወቀ ሰው ይህ ልኬት የቢሮክራሲ ቀልድ አይመስለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ጎረቤት ነው፤ ይህኛው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ቻርልስ ክሮከር በሳን ፍራንሲስኮ ኖብ ሂል ኮረብታ ላይ ለመኖሪያው አንድ ሙሉ ብሎክ ሲገዛ፣ ኒኮላስ ዩንግ የተባለ ቀባሪ ጥጉ ላይ ያለችውን መሬት አልሸጥም አለ። ክሮከር ታዲያ በገዛ መሬቱ ላይ፣ በዩንግ ቤት በሦስቱ ወገን፣ 40 ጫማ ገደማ የሚደርስ የእንጨት አጥር አቆመ። ፀሐይ ጠፋች፣ ነፋስ ጠፋ፣ ቤቱ የጉድጓድ ያህል ሆነ። ክሮከር ከወሰኑ አንድ ስንዝር አላለፈም፤ በ«መሬቱ የኔ ነው» ሚዛን ብቻ ከተለካ ጥፋት አልተገኘበትም። ዩንግ በ1880 ሲሞት አጥሩ እንደቆመ ነበር። እንዲህ ያለው የቂም አጥር በየቦታው ሲበዛ ሕግ አውጪዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ማሳቹሴትስ በ1887 ጎረቤትን ለማናደድ ሆን ተብሎ ከ6 ጫማ በላይ የቆመን አጥር እንደ ሁከት የሚቆጥር ሕግ አወጣ፤ ከ2 ዓመት በኋላም የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸናው፣ ፍርዱን የጻፉትም በኋላ በፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስመ ጥር የሆኑት ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ናቸው። ካሊፎርኒያ በ1913 ተከተለች፤ እሷ መስመሩን 10 ጫማ ላይ አሰመረች። የሐሳቡ ሥር ለእኛም ባዕድ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለሀብቱ በሀብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል። የዛሬው የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ደንብ የጨመረው ነገር ቢኖር ቂምን ማስረዳት ሳያስፈልግ፣ አስቀድሞ በጫማና በኢንች ማገዱ ነው። ዳኛ የሰው ልብ ከሚመረምር ሠራተኛ በሜትር ቢለካ ይቀላል።

ወደ ንግድ ቤቶች ሲመጣ ያው ሎጂክ በሌላ መልክ ይሠራል። ነዳጅ ማደያ፣ ሱፐርማርኬት ወይም የመኪና ማቆሚያ ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ሲዋሰን ብዙ ከተሞች ቢያንስ 6 ጫማ የሆነ፣ የማያሳይ አጥር ወይም የጡብ ግንብ በንግዱ ባለቤት ወጪ እንዲሠራ ያስገድዳሉ። የመኪና መብራት መኝታ ቤት ውስጥ እንዳያበራ፣ የቆሻሻ ገንዳው እንዳይታይ፣ የሌሊቱ ጭነት ማራገፍ ቢያንስ ከዓይን እንዲርቅ ነው። በመንገዱ በኩል ግን ያው ንግድ ቤት ፊቱን መክፈት ይጠበቅበታል። ለመኖሪያ ቤት «ከዚህ አትለፍ» የሚለው ደንብ ለነጋዴው «ከዚህ አትነስ» ይለዋል፤ የሚጠብቀው ግን በሁለቱም ውጭ የቆመውን ሰው ነው።

የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ የሌባ ነገር ነው፤ ዝቅ ያለ አጥር ማንም ይዘለዋል። እውነት ነው፣ ይዘለዋል። ነገር ግን ባለ 2 ሜትሩንም ግንብ ዘሎ የገባ ሌባ አለ፤ ልዩነቱ ከገባ በኋላ ነው። ግንቡ ከጎረቤትና ከመንገደኛ ዓይን ይሸፍነዋል፣ መስኮት ሲሰብር ተረጋግቶ ይሠራል። ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ አሜሪካ ከተሞች ባሳተመችው መጽሐፍ የመንገድን ጸጥታ ከፖሊስ በፊት የሚጠብቀው የነዋሪው ዓይን ነው ብላ የተከራከረችው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግንቡ የሚያዋጣው ከበሩ ጀርባ ዘበኛ ወይም ውሻ፣ አለዚያም ቀኑን ሙሉ ከግቢ የማይጠፋ ሰው ስላለ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ውለው በሚመጡበት የቨርጂኒያ ሰፈር ግንብ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። ሁለተኛው ተቃውሞ የገመና ነው፤ ሰው በግቢው ሲቀመጥ፣ ቡና ሲያፈላ፣ ልጅ ሲያጥብ ለምን ይታያል? ደንቡ ለዚህ የሰጠው መልስ የኋላ ግቢው ነው። ሰባቱ ጫማ ለዚያ ተፈቅዷል፣ ቆሞ ከሚያይ ረጅም ሰውም ይከልላል። ደንቡ ገመናን አልከለከለም፤ ቦታውን ከፊት ወደ ኋላ አዛወረው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን በቀላሉ አይመለስም። መኪናም ሕፃንም በማያሰጋበት፣ ጎረቤትም ባልተጋረደበት ቦታ የፊት አጥር ለምን ይከለከላል? እዚህ ላይ ደንቡ የሚናገረው የአንድ ዘመንን ምርጫ ነው። ፍራንክ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ የግቢ ነዳፊ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ግቢን አጥሮ የተፈጥሮን ውበት ከጎረቤት መከለል ክርስቲያናዊ አይደለም ብሎ ጽፎ ነበር። ከቤት ቤት ሳይቋረጥ የሚዘረጋው የፊት ሣር በዚያ ዘመን ስብከት ጀመረ፣ ኋላም በደንብ ላይ ሰፍሮ ቀረ። ሎስ አንጀለስ በአብዛኛው መኖሪያ ሰፈሯ የፊት አጥርን በ42 ኢንች፣ ማለትም በ1 ሜትር ከ7 ሳንቲም ገደማ፣ ትገድባለች። የከተማ ፕላን ባለሙያው ጄምስ ሮሃስ ግን በ1991 በኤምአይቲ ባቀረበው ጥናቱ በዚያው አካባቢ፣ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ዝርያ ሰፈሮች ውስጥ፣ የፊት አጥር ሰውን ከመለየት ይልቅ እንደሚያገናኝ አሳይቷል። ሰዎች በወገባቸው ልክ ያለውን አጥር ተደግፈው ከመንገደኛ ጋር ያወራሉ፣ ግቢው ውስጥ ልጅ ይጫወታል፣ ዕቃ ይሸጣል፣ ድግስ ይደገሳል። ክፍቱ ሣር ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። ስለዚህ የሣሩ ስብከት የመንገድን ሕይወት ያሳድጋል የሚለው ክርክር በተግባር አልተረጋገጠም። ቁመትን መገደብና አጥሩ የሚያሳይ እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አጥርን ራሱን፣ ወይም ከብረት ይሁን ከሽቦ የሚለውን መወሰን ግን የአንድ ወገን ጣዕም በሌላው ላይ መጫን ይሆናል። ይህን የሚያባብሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መንግሥት ሳይሆን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ካውንቲው የፈቀደውን አጥር ማኅበሩ ቀለሙን ጠቅሶ ሊከለክል ይችላል፤ የማኅበሩ ሕግ ቤቱ ሲገዛ የተገባ ውል ስለሆነም የካውንቲውን ደንብ ጠቅሶ ማሸነፍ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

በተግባር ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ካርታ ነው። የድሮው አጥር ያለበት መስመር ሁልጊዜ ወሰኑ አይደለምና ቀያሽ ማስለካት ያዋጣል። ከዚያ የማኅበሩ ፈቃድ፣ ከዚያ የካውንቲው ይቀጥላል። ፌርፋክስ ለተለመደ አጥር የግንባታ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሞንትጎሞሪ ይጠይቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የፖቶማክ ወንዝ ብቻ ነው። ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት 811 ተደውሎ የጋዝና የመብራት መስመር በቀለም ይሰመራል፣ ይህም በነፃ ነው። በብዙ ከተሞች ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ተጨምራ ትገኛለች፤ የእንጨት አጥር ለስላሳው ፊቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጎረቤትና ወደ መንገድ፣ መዞር አለበት። ማገሩንና የሚስማሩን ጭራ የሚያየው ባለቤቱ ነው።