የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም አለዋወጥ

ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። እንደሚታወቀው ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው የሚተላለፈው በዚህች ከተማ በኩል ነው። ቀድሞ በወደቡ ዙሪያ በሚገኙት የዕቃ አስተላላፊዎች ቢሮዎች ውስጥ ሰነድ ሁሉ በጽሕፈት መኪናና በካርቦን ወረቀት ይዘጋጅ ነበር። የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከጀመረ፣ ከሰበታ እስከ ናጋድ የተዘረጋው አዲሱ የባቡር ሐዲድም በ2016 ከተመረቀ በኋላ ግን የዕቃው ብዛትም ሆነ የሥራው ፍጥነት በእጅ ጽሑፍ የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ማኒፌስቱም፣ ዲክላራሲዮኑም፣ የጭነት ሰነዱም ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል። አንድ ኮምፒዩተር ለሦስት ቀን ሥራ ቢያቆም ኮንቴይነሩ በወደቡ ቅጥር ግቢ ፀሐይ ላይ ይቆያል፤ በቆየበትም ቀን ልክ ኪራይ ይቈጠርበታል። ኪራዩን የሚከፍለው አስመጪው ቢሆንም፣ አስመጪው ገንዘቡን ከዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚደርበው፣ በመጨረሻ ዕዳው የሚያርፈው በደሴ ወይም በደብረ ማርቆስ ገበያ ሸቀጡን በሚገዛው ሰው ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉዳት ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ የኮምፒዩተር ቫይረስ ነው። ቫይረስ ማለት ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው የጻፈው፣ ራሱን እያባዛ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚሸጋገር ፕሮግራም ነው። በግል ኮምፒዩተሮች ላይ በሰፊው ከተሠራጩት ቫይረሶች ቀዳሚ የሆነው «ብሬይን» የተባለው ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን አገር በላሆር ከተማ በሁለት ወንድማማቾች የተጻፈ ነው። በዚያን ጊዜ መተላለፊያው ፍሎፒ ዲስክ ነበር። በ2008 መጨረሻ የተነሣው «ኮንፊከር» ደግሞ በኔትወርክና በፍላሽ ዲስክ አማካይነት በዓለም ዙሪያ ተዛመተ። የመርከብ ወኪሉም፣ የመኪና ባለንብረቱም፣ የአስመጪው ተላላኪም ሰነዱን በፍላሽ ይዞ በሚገባበት ቢሮ የዚህ ዐይነቱ ቫይረስ አደጋ ቀላል አይደለም።

የባሕር ንግድ ከዚህ አደጋ ነጻ አለመሆኑን ያሳየው ግን ሰኔ 27 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጥፋት ነው። «ኖትፔትያ» የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን በሰፊው ይሠራበት በነበረ የሒሳብ ፕሮግራም ማሻሻያ ውስጥ ተሸሽጎ ተለቀቀና በሰዓታት ውስጥ ሜርስክ ወደተባለው ታላቅ የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ገባ። ኩባንያው በኋላ እንደገለጸው በዐሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን እንደገና ማደራጀት ግድ ሆኖበታል፤ ጉዳቱም እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጥፋቱ የገባው በማይታወቅ ሰው እጅ ሳይሆን፣ ሁሉ ባመነው ፕሮግራም በኩል መሆኑ ነው።

ቫይረስን የሚከላከለው ፕሮግራም ጸረ ቫይረስ ይባላል። ኖርተን፣ ማካፊ፣ አቫስት፣ ካስፐርስኪ የታወቁት ናቸው። ማይክሮሶፍት ኩባንያም ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ «ዲፌንደር» የተባለውን ጸረ ቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አዋህዶ ያቀርባል።

አንድ ቢሮ ጸረ ቫይረሱን ለመለወጥ የሚነሣባቸው ምክንያቶች ልዩ ልዩ ናቸው። የአገልግሎት ዘመኑ ያልቃል፤ ዋጋው ይወደዳል፤ ኮምፒዩተሩን ያዘገየዋል። አንዳንድ ጊዜም ምክንያቱ ከተጠቃሚው ፈቃድ ውጭ ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የሩሲያው ካስፐርስኪ ፕሮግራም በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ማሻሻያ መላኩም ከመስከረም 29 ቀን በኋላ እንዲቆም አዘዘ። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ካስፐርስኪ በአሜሪካ ከሚገኙ ደንበኞቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ራሱን አንሥቶ «አልትራ ኤቪ» የተባለ ሌላ ፕሮግራም በቦታው ተካ። ብዙዎቹ ደንበኞች አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒዩተራቸውን ሲከፍቱ፣ ያልጫኑት ዘበኛ በር ላይ ቆሞ አገኙት። ድርጊቱ ኮምፒዩተሮቹን ያለ ጥበቃ ላለመተው የታሰበ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የተደረገ ለውጥ መተማመንን የሚያጐድል መሆኑ አይካድም።

አብዛኛው ሰው ግን ጸረ ቫይረሱን የሚለውጠው በገዛ እጁ ነው። ስሕተትም የሚበዛው በዚሁ ነው። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ይህ ምክር ለጎጆና ለጎተራ እውነት ነው፤ ለጸረ ቫይረስ ግን አይሠራም። ምክንያቱን ለመረዳት የፕሮግራሙን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ጸረ ቫይረስ እንደ ሌሎች ፕሮግራሞች ከላይ ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም። ከርነል በሚባለው፣ የኮምፒዩተሩ ሥራ ሁሉ በሚመራበት ውስጠኛ ክፍል ገብቶ፣ ፋይል በተከፈተና በተጻፈ ቍጥር መንገድ ላይ ይዞ ይፈትሻል። ሁለት ጸረ ቫይረሶች በአንድ ጊዜ ሲጫኑ የመጀመሪያው አንድን ፋይል ለመፈተሽ ይከፍተዋል፤ ሁለተኛው ፋይል ተከፈተ ብሎ እርሱም ለመፈተሽ ይነሣል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ኮምፒዩተሩ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ ይቆማል። ከዚህም በላይ አንዱ ይዞ ያሰረውን ቫይረስ ሌላው ከታሰረበት ቦታ አግኝቶ እንደ አዲስ ጠላት ሊቈጥረው ይችላል። እንዲያውም ራሱ ጸረ ቫይረሱ የፋይሎችን መተላለፊያ የሚቈጣጠር በመሆኑ በሌላው ዘንድ አጠራጣሪ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

እነዚህ ፕሮግራሞች ምን ያህል ጠልቀው እንደሚቀመጡ ከሐምሌ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። በዚያን ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት አንድ ማሻሻያ በመላኩ ብቻ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ዊንዶውስ ያለባቸው ኮምፒዩተሮች መነሣት ተሳናቸው፤ በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ከበረራ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችም ተቸገሩ። ቫይረስ አልነበረም፤ ዘበኛው ራሱ ነው በሩን የዘጋው።

እንግዲህ እንዲህ ሥር የሰደደን ፕሮግራም በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ምልክት በመሰረዝ ብቻ አስወገድሁ ማለት፣ የዛፉን ቅጠል አርግፎ ነቀልሁት እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሙን ከዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ በደንቡ ማራገፍ እንኳ ሁልጊዜ በቂ አይሆንም። ጸረ ቫይረስ፣ ቫይረሶች እንዳያጠፉት ራሱን እንዲከላከል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ባለቤቱም ሊያስወጣው ሲፈልግ በቀላሉ አይወጣም። ከከርነሉ ጋር የሚያገናኙት ድራይቨሮች፣ በየሰዓቱ የሚነሡ የተቀጠሩ ሥራዎች፣ በሬጅስትሪ ውስጥ የተመዘገቡ መረጃዎች፣ በኢንተርኔት መቃኛው ላይ የተለጠፉ ተቀጥላዎች ወደኋላ ይቀራሉ።

ከእነዚህ ቅሪቶች ሁሉ አደገኛው የምዝገባው ቅሪት ነው። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን በዊንዶውስ የደኅንነት መዝገብ ውስጥ ስሙን ያስመዘግባል፤ ዲፌንደርም ይህን ሲያይ ሥራውን ለእርሱ ለቆ ያርፋል። ያ ፕሮግራም በትክክል ሲወገድ ዲፌንደር ራሱ ተነሥቶ ጥበቃውን ይረከባል። ይሁን እንጂ የአሮጌው ስም ከመዝገቡ ካልተፋቀ፣ ዲፌንደር ተረኛው ዘበኛ ገና ያለ መስሎት ተኝቶ ይቀራል። ዘበኛው ተሰናብቷል፤ ተተኪው አልተነሣም፤ ባለቤቱ ግን ተጠብቄአለሁ ብሎ ፍላሹን ይሰካል። ሁለት ጸረ ቫይረስ ያለው ኮምፒዩተር ቢያንስ በመዘግየቱ ችግሩን ይናገራል፤ ይህኛው ግን አይናገርም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ፈጥኖ ስለሚሠራ ባለቤቱን ደስ ያሰኘዋል።

በጅቡቲ ከተማ ያለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ አምስት ኮምፒዩተሮች አሉት እንበል። ለውጡን በአንድ ቀን በአምስቱም ላይ መጀመር አይገባውም። ዓርብ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ዓርብ ሥራ ላይ ናት፤ ሰነድ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒዩተር ተጀምሮ፣ መልካም መሆኑ ከታየ በኋላ ወደ ሌሎቹ መሄድ ይሻላል። አስፈላጊ ሰነዶች በቅድሚያ በሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣሉ። አሮጌው ጸረ ቫይረስ የይለፍ ቃሎችን የሚያስቀምጥ ከሆነ እነርሱን ማውጣት፣ ቫይረስ ነው ብሎ ያሰራቸውንም ፋይሎች መመልከት ያስፈልጋል። በስሕተት የታሰረ ደኅና ሰነድ ከፕሮግራሙ ጋር ሊጠፋ ይችላልና።

ቀጥሎ አዲሱ ፕሮግራም ከራሱ ከአምራቹ የኢንተርኔት ገጽ ይወርዳል እንጂ ገና አይጫንም። በገበያ በፍላሽ እየተገለበጠ የሚሸጠውን፣ «ክራክ» የሚባለውን የተሰበረ ፕሮግራም መጠቀም ግን ሌባን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ የሚመጣው ከዚያው ጋር ነው። እንደዚሁም የአሮጌው ፕሮግራም አምራች ያዘጋጀው ልዩ ማስወገጃ ይወርዳል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ማስወገጃ በነጻ ይሰጣሉ፤ ለአንዱ የተሠራው ግን ለሌላው አያገለግልም።

ይህ ሁሉ ሲሟላ ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔትና ከቢሮው ኔትወርክ ይለያል፤ ፍላሽም አይሰካበትም። አሮጌው ፕሮግራም በደንቡ ተራግፎ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሣል። ቀጥሎ ማስወገጃው ይሠራል፤ አንዳንዶቹ ማስወገጃዎች ሴፍ ሞድ በሚባለው፣ ዊንዶውስ አስፈላጊ ክፍሎቹን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ መሥራት ይፈልጋሉ። ከዚያም በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደገና ይነሣል። መልሶ ማስነሣቱ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም፤ በሥራ ላይ ያለ ድራይቨር ብዙ ጊዜ የሚነቀለው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ብቻ ነውና። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ግማሹ የተነቀለ ድራይቨር ኮምፒዩተሩ እንዳይነሣ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ባትሪ ያለው የኀይል መጠባበቂያ ማዘጋጀት ከከንቱ ጭንቀት ያድናል። በሞቃቱ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚወጣ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል ረጅሙን ሥራ በማለዳ ወይም በሌሊት ማድረግ ይመረጣል።

አሁን አዲሱ ይጫናል፤ ኢንተርኔቱም ይገናኝና ፕሮግራሙ የቫይረሶችን መለያ ዝርዝር እንዲያድስ ይደረጋል። ያልታደሰ ጸረ ቫይረስ የሚያውቀው የትናንቱን ጠላት ብቻ ነው። ዝርዝሩ ከታደሰ በኋላ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይፈተሻል፤ ይህም ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ሥራው በእርግጥ መፈጸሙ የሚታወቀው የዊንዶውስን የደኅንነት ገጽ በመክፈት ነው። በዚያ ገጽ ላይ መታየት ያለበት የአዲሱ ስም ብቻ ነው፤ የአሮጌው ስም ከታየ ማስወገጃው እንደገና ይሠራል። ዘበኛው ነቅቶ እንደሆነ ለመፈተን ደግሞ «አይካር» የተባለ፣ 68 ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ያሉት የመሞከሪያ ፋይል አለ። ፋይሉ ቫይረስ አይደለም፤ ጉዳትም የለውም፤ ነገር ግን ጸረ ቫይረሶች ሁሉ እንደ ቫይረስ እንዲይዙት በስምምነት የተዘጋጀ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ይህን ፋይል ወዲያውኑ ከያዘ ሁለተኛውን ኮምፒዩተር መጀመር ይቻላል።

የቀረው የሒሳብ ሹሙ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ከኮምፒዩተሩ ቢወገድም የአገልግሎት ውሉ በአምራቹ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ በባንክ ካርድ የሚከፈል ሲሆን ዘመኑ ሲያልቅ ራሱን ያድስና ገንዘቡን ይቀንሳል። ስለዚህ በአምራቹ ገጽ ገብቶ የራስ በራስ እድሳቱን ማቋረጥና የተቋረጠበትን ማረጋገጫ አትሞ ከደረሰኙ ጋር በፋይል ማኖር ያስፈልጋል።