ክርስቲያን ወግ አጥባቂ ነው ወይስ ሊበራል?



ከእሁድ አምልኮ በኋላ ሻይ ላይ ስንቀመጥ ይህ ክርክር ይነሳል። አንዱ ወንድም «ክርስቲያን ወግ አጥባቂ መሆን አለበት» ይላል። ሌላው «ጌታ የቆመው ለተገፉት ነው፤ ይህ ደግሞ የሊበራሎች ሐሳብ ነው» ብሎ ይመልሳል። ለመሆኑ ማንኛው ትክክል ነው?

በቅድሚያ ቃላቱን እንመልከት። ወግ አጥባቂ የሚባለው በጥቅሉ የነበረው ሥርዓት እንዲጠበቅ የሚፈልግ ነው። ሊበራል የሚባለው ደግሞ የግለሰብን ነፃነት የሚያስቀድምና ለውጥን የሚደግፍ ነው። ሁለቱም ስሞች ከአውሮፓ ፖለቲካ የመጡ እንጂ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት አይደሉም።

የአገራችን ታሪክም ስሞቹ እንደማይበቁ ያሳያል። በንጉሡ ዘመን የወንጌል አማኞች «መጤ» ተብለው ተሰደዱ፤ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 ተዘጋች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደርግ እነዚያኑ አማኞች «አድኃሪ» አላቸው። እምነታቸው ያው ነበር፤ የተለወጠው በሥልጣን ላይ ያለው ነው።

በዚያው በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። ምዕራባውያን ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ስብከት ግን እጃቸውን መሰብሰባቸውን ተቃወመች፤ የሰው ሥጋና ነፍስ ተለያይተው ሊገለገሉ አይገባም አለች። የዚህ አስተሳሰብ ግንባር ቀደም መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 በደርግ ታፍነው ተገደሉ። ይህችው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2013 በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና ግንኙነት ጉዳይ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ከሚገኘው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። ታዲያ ይህች ቤተ ክርስቲያን ወግ አጥባቂ ናት ወይስ ሊበራል?

ወደ ሰፈራችን ኮልፌ ቀራኒዮ እንምጣ። ዛሬ አለርት የምንለው የዘነበወርቅ ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ በፊት የተጀመረው በሚሲዮናዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ሥራ ነው። የላኳቸው ሚሲዮናውያን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያላቸው አቋም ጥብቅ ነበር። ሆኖም ኅብረተሰቡ ያገለላቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቁስል ያጠቡት እነርሱ ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጌታ ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ወደ ፍጥረት መጀመሪያ መለሰን (ማቴ. 19፥4-6)። ያዕቆብ ደግሞ የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀሩትን ባለጠጎች በብርቱ ይገሥጻል (ያዕ. 5፥4)። አንዱን ይዘን ሌላውን መጣል አንችልም።

አንባቢ ሆይ፣ ራስህን መርምር። ስለ ጋብቻ ንጽሕና አጥብቀህ እየተናገርህ የቤት ሠራተኛህን ደመወዝ ታዘገያለህን? ወይስ ስለ ድሆች መብት እየተከራከርህ በትዳርህ ታማኝነትን ትንቃለህን? የአጣና ተራ ነጋዴ ብትሆን፣ ተከራይ ያስገባህ የቤት ባለቤት ብትሆን፣ ቃሉ በሚዛንህም በኪራይህም ላይ ጥያቄ አለው።

ደጋፊዎቻችን ሁልጊዜ የሚያጨበጭቡልን ከሆነ እንጠንቀቅ፤ ምናልባት የምንሰብከው የቃሉን ግማሽ ይሆናል። በምርጫ ወቅት አንድን ፓርቲ መደገፍ መብታችን ነው። መስቀሉን ግን የማንም ፓርቲ አርማ አናድርገው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን፤ ተባረኩ!