የበረሃ መንገደኛና ውኃ

ውኃ ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ነገር ግን ማወቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በደብተር የተጻፈውን ማወቅ፥ ሁለተኛው በራስ ላይ ደርሶ ማወቅ ነው። እኔም በደጋ አገር ተወልጄ ያደግሁ እንደ መሆኔ ውኃን የማውቀው በመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነበር። ባለፈው ጥር ወር ግን የጂኦግራፊ ክበባችን በአፋር ክልል በሎጊያ አቅራቢያ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ባደረገ ጊዜ ሁለተኛውን ተማርሁ። ስለዚህ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ አንብቤ የተረዳሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህሮቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ስለ አገሩ ጥቂት ልናገር። የአፋር ዝቅተኛ ምድር በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፥ ከ1953 እስከ 1959 ዓ.ም. በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት፥ ሌሊቱም ቀኑም ተቆጥሮ፥ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአዋሽ ወንዝ እንኳ ከደጋ ተነሥቶ ይህን ምድር ካቋረጠ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ወንዝን የሚያስቀር ፀሐይ ሰውን ምን ያህል እንደሚያደርቅ መገመት አያስቸግርም።

ሰውነታችን በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። ላቡ ከቆዳችን ላይ በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በኃይለኛ ሐሩር የሚጓዝ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትር፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ላብ ያወጣል። በደረቅ አየር ግን ላቡ ወዲያው ስለሚተን መንገደኛው ያላበው አይመስለውም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ውኃ ቢጎድልበት ድካምና ራስ ምታት ይጀምረዋል። ከዚያም በላይ ሲጎድል ልቡ ይፈጥናል፥ ሽንቱ እየጠቆረ ያንሳል፥ እርምጃው ይንገዳገዳል፥ ነገርም ይምታታበታል። ጥም ደግሞ የታመነ መልእክተኛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሁለት ሊትር ውኃ ይዤ ሳለ «ለኋላ ይቆየኝ» በማለት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከሦስት ጉንጭ በላይ አልጠጣሁም። በስድስት ሰዓት ገደማ አዞረኝ፤ አቅለሸለሸኝም። መንገድ መሪያችን የነበሩት የአፋር ሽማግሌ ከግራር ጥላ ሥር አስቀመጡኝና የውኃ መያዣዬን አንሥተው ቢያዩት ሙሉ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሆኖ አገኙት። «ልጄ፥ ውኃው በጀርባህ ላይ ሆኖ ምን ይጠቅምሃል? በሆድህ ውስጥ ተሸከመው እንጂ» አሉኝ። እኔም አፍሬ ቀስ እያልሁ ጠጣሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ የባሰ ሊሆን ነበር። ከሰዓት በኋላ ውኃዬ አልቆ ስንጓዝ ጥርት ያለ ኩሬ አየሁና ልቀዳ ሮጥሁ። ሽማግሌው «ቆይ!» ብለው ጮኹና በኩሬው ዳር ያለውን የግመልና የፍየል ኮቴ በበትራቸው አሳዩኝ። «እነዚህ እዚህ የጠጡ ብቻ ይመስልሃል? የጣሉትንም ተመልከት» አሉኝ። በእርግጥም ጭቃው ከፋንድያና ከበጠጥ የተለየ አልነበረም።

ጥራትና ንጽሕና አንድ አይደሉም። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ጥርት ባለ ውኃም ውስጥ ይኖራሉ፤ ኮሌራን፥ ታይፎይድንና ተቅማጥንም ያመጣሉ። ተቅማጥና ትውከት ደግሞ ከሰውነት ውኃውንና ጨውን ጠራርገው ያወጣሉ። እንግዲህ ከኩሬ ጠጥቶ የታመመ መንገደኛ ጥሙን አላራቀም፤ ከፊት ለፊት ያባረረውን ጠላት በጓሮ በር አስገባው እንጂ። ቆሻሻ ውኃና የውኃ ጥም ሁለት አደጋዎች ቢመስሉም መጨረሻቸው አንድ ነው ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የበረሃ መንገደኛ የሚከተሉትን ሊያስተውል ይገባዋል።

1ኛ፤ ውኃን በግምት ሳይሆን በስሌት መያዝ። በሰዓት አንድ ሊትር የሚያልበው ሰው ስድስት ሰዓት ቢሄድ 6 ሊትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት መሄድ፥ ቀትሩን በጥላ ማሳለፍ፥ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ መቀጠል ነው።

2ኛ፤ ጥም ሳይመጣ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል መጠጣት። ነገር ግን ውኃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣትም የደምን ጨው ስለሚያቀጥን ይጎዳል። ጨው የነካው ቆሎ ወይም ሌላ ምግብ አብሮ መብላት ይጠቅማል።

3ኛ፤ ያልታወቀ ውኃን ማከም። የደፈረሰውን አስቀድሞ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ማጥለል፥ ቀጥሎም ማፍላት ነው። በቆላ ለአንድ ደቂቃ ቢንተከተክ ይበቃል። እንደ አዲስ አበባ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ግን ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይገባል። ማገዶ ከሌለ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን በማሸጊያው ላይ እንደ ተጻፈው ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ይህም ከሌለ ጥርት ያለውን ውኃ ከ2 ሊትር በማይበልጥና ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጠራራ ፀሐይ ቢያንስ 6 ሰዓት ማስተኛት ነው።

4ኛ፤ ማፍላት ሁሉን እንደማያድን ማወቅ። እሳት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውንና ማዕድንን አያስወጣም። እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል። ጨዋማ ውኃ የሚጠጣ ሰው ኩላሊቱ ጨውን ለማስወጣት ከጠጣው የሚበልጥ ውኃ ስለሚያወጣ ጥሙ ይብስበታል። ስለዚህ እንደ አሳሌ ካለ የጨው ሐይቅ ማንም አይጠጣም።

5ኛ፤ ተቅማጥ ለያዘው ኦ.አር.ኤስ. ማጠጣት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ፥ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ነው። ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለና ንግግሩ የተምታታበት ሰው ቢኖር ግን ወደ ጥላ አግብቶ፥ ልብሱን አላልቶ፥ በውኃ እያራሱ ማራገብና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ ያንቀዋልና።

6ኛ፤ ግማሹ ውኃ ሲያልቅ መመለስ። ፊት ለፊት ውኃ መኖሩን በእርግጥ የማያውቅ ሰው መንገዱ እዚያ ላይ ማብቃት አለበት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለሽርሽር ለሚሄዱ ብቻ አይደለም። በእኛ ዕድሜ ያሉ ብዙ ወጣቶች በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ በእግር እየተሻገሩ፥ ከኦቦክ ወደ የመን በጀልባ ለመድረስ በዚህ ሐሩር ይጓዛሉ። ከእነርሱም በውኃ ጥም በመንገድ የቀሩ አሉ። ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ የነበረ ልጅ ይህን መንገድ ጀምሮ ተመልሷል። በሁለተኛው ቀን የያዙት ውኃ አለቀ፤ ከኩሬ ጠጡ፤ ሌሊቱን ሁሉም ታመሙ። እርሱን ከብት ጠባቂዎች አግኝተው ወተት እያጠጡ አዳኑት። አብሮት የነበረው ሰው ግን አልተመለሰም። እኔ ያለፍሁት የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ መንገድ መሪም ነበረኝ። እነርሱ ግን ግራር ሥር የሚያስቀምጣቸው አላገኙም።

ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ስለ መሄድ ባነሣ ጊዜ ከቁጣው አስቀድማችሁ ይህን ስሌት አብራችሁ አስሉ፤ ስንት ሰዓት መንገድ፥ ስንት ሊትር ውኃ፥ ማን ይሸከመዋል? ብላችሁ ጠይቁት። ጓደኞቼም፥ በበረሃ ላይ ድፍረት ውኃን አይተካም። ሽማግሌው በመጨረሻ ስንሰነባበት በእጄ ያለውን ባዶ መያዣ አይተው ፈገግ አሉና «አሁን አወቅህ» አሉኝ። እኔም ያወቅሁትን እነሆ ጻፍሁ።