በውርጭ ጠዋት አልነሳ ያለ ናፍጣ መኪና

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ውጭ ያደረች አሮጌ ናፍጣ ቶዮታ ጠዋት አልነሳ ስትል፣ ባለቤቷ የሚረግመው ብርዱን ነው። ብርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ድካም አጋላጭ ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው የታመቀ አየር ግለት ነው። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ፒስተኑ አየሩን 20 እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል፤ በደህና ሞተር ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ግን ሞተሩ ፈጥኖ መዞር አለበት። ቀስ ብሎ ከዞረ ሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ብረት ይሸሻል፤ አየሩም ባረጀ የፒስተን ፋሻ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ፍጥነቱን ደግሞ ብርዱ ከሁለት ወገን ይነጥቃል፦ ዘይቱን ያወፍራል፣ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ያዘገያል። ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ የማስነሳት ጉልበቱን አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊያጣ ይችላል። የደጋው ስስ አየር ሲጨመርበት አስቡት!

ስለዚህ መጀመሪያ ማዳመጥ ነው። ሞተሪኖው እያቃሰተ የሚያዞር ከሆነ ባትሪውንና ጫፎቹ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዝቃጭ ማየት ይገባል። አርፎ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል።

እንደ ልብ እየዞረ ካልነሳስ? ያኔ ጭስ ማውጫውን ማየት ነው። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሳይቃጠል እያለፈ ነውና ተጠርጣሪዋ ካንዴሌታ ናት። ይህች በየሲሊንደሩ ያለች ማሞቂያ ከ800 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ከአራቱ አንዷ ብትቃጠል አዳማ ላይ ማንም አይነቃባትም፤ ደብረ ብርሃን ግን ምሕረት የለውም። ሽቦዋን ነቅሎ በመልቲሜትር መለካት ነው፦ ደህናዋ 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ታሳያለች፤ የተቃጠለችው ምንም አታስተላልፍም። (ብዙ ሾፌር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የካንዴሌታ መብራት ሳትጠፋ ያስነሳል፤ ያኔ ካንዴሌታዋን መውቀስ ግፍ ነው።)

ጭስ ጭራሽ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ባረጀ ቱቦ አየር ገብቶ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንኩ ተመልሶ ይሆናል፤ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር መጫን ነው። ኤተር መርጨት ግን አይሞከርም፤ የጋለች ካንዴሌታ ያለጊዜው አፈንድታው ፒስተን ሊሰበር ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መኪናዋ ፀሐይ ሲሞቃት ብቻ የምትነሳ ከሆነ፣ የቀረው ጋራዥ ወስዶ ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው። ችግሩ ፋሻ ወይም ቫልቭ ሆኖ ከተገኘ ሒሳቡ ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።