ሥራ ለምትመላለሱ፦ ትንሿ የጀርባ ቦርሳ ለምን ትበቃለች?

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብትቃኙ፣ ጀርባው ላይ ቦርሳ ያላንጠለጠለ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ መምህሩ፣ የግንባታ ባለሙያው፣ ሁሉም ተሸክሟል። ድሮ የተማሪ ብቻ የነበረው የጀርባ ቦርሳ ዛሬ የሠራተኛው ሆኗል።

"የቦርሳ ነገር ደግሞ ምን ያነጋግራል?" ትሉ ይሆናል። እኛ ግን ሁለት ነገር አይተን ነው ያነሳነው።

አንደኛ፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ምሳ ዕቃውን፣ ጫማውን፣ ዳቦውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሥራ ይሄድ የነበረ ሰው ሌላ መያዣ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ላፕቶፕና ስልክ ዛሬ ምን ያህል እንደሚያወጡ ታውቃላችሁ። ቦርሳ ጠፋ ማለት ለብዙ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ጥቅም፣ አመራረጥና አያያዝ የምናውቀውን እናካፍላችሁ።

1. "ትንሽ" ስንል ምን ያህል ነው?

የቦርሳ መጠን የሚለካው በሊትር ነው። ለየዕለት ሥራ የሚሆነው ከ15 እስከ 20 ሊትር ያለው ነው። ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ፣ አንድ ፋይል፣ ምሳ ዕቃ፣ አጣፍ ጃንጥላና ግማሽ ሊትር ውኃ ይይዛል። ከዚያ በላይ ያለው፣ በተለይ ባለ 30 ሊትሩ፣ ለመስክ ወይም ለክፍለ ሀገር ጉዞ እንጂ ከአያት ስታዲየም ለመመላለስ አይደለም።

ትንሽ ቦርሳ የሚል ሐሳብ አዲስ አይደለም። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1978 ኮንከን የተባለ ቦርሳ ገበያ ላይ ዋለ። ያኔ በአገሪቱ የጀርባ ሕመም መነጋገሪያ ሆኖ ስለነበር ቦርሳው የታሰበው ለተማሪዎች ነው። ልኩ ሁለት የኤ4 ፋይሎች እንዲይዝ ተደርጎ የተወሰነ ሲሆን መጠኑ 16 ሊትር፣ ባዶ ክብደቱ ደግሞ 300 ግራም አካባቢ ነው። ይኸው ቦርሳ እስካሁን ይሸጣል፤ ተማሪ ብቻ ሳይሆን አዋቂም ይይዘዋል።

ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ቦርሳ ባዶ ቦታ ካለው ይሞላል። ትልቅ ቦርሳ ስትይዙ "ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል" እያላችሁ ትጨምራላችሁ። ያለፈው ሳምንት ደረሰኝ፣ የማይሠራ ቻርጀር፣ ሁለተኛ ማስታወሻ ደብተር፣ ተከፍቶ ያልተጨረሰ ብስኩት። ትንሿ ቦርሳ ግን "አይ፣ ይሄ አይገባም" ትላችኋለች። ጥቅሟ መያዟ ብቻ ሳይሆን አለመያዟም ነው።

2. ክብደቱን አንዴ እንደምረው

ላፕቶፕ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ነው። ቻርጀሩ ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ግማሽ ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ነው። የተሞላ ምሳ ዕቃ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ጃንጥላ፣ ፓወር ባንክ፣ ቁልፍ፣ ደብተር ሲጨመሩ እና ቦርሳው ራሱ ሲታከል 5 ኪሎ ይደርሳል።

አምስት ኪሎ ለአንድ ቀን ምንም አይደለም። ግን ተሸክማችሁ ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ቆማችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ታጥፋችሁ፣ ከታክሲ ወርዳችሁ ቢሮ ድረስ በእግር ሄዳችሁ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ስትደግሙት፣ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን ሲሆን፣ አንገትና ትከሻ መናገር ይጀምራሉ።

ለተማሪዎች በሰፊው የሚሰጠው ምክር የቦርሳው ክብደት ከሰውነታቸው ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳያልፍ ነው። እኛም ዝቅተኛውን ብንይዝ አንጎዳም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ6 ኪሎ በታች ይያዝ እንደማለት ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለው አትክልት ቤት ሄዳችሁ አንድ ጊዜ አስመዝኑት። ውጤቱ ሊያስገርማችሁ ይችላል።

3. በሁለቱም ትከሻ

በአንድ ትከሻ ማንጠልጠል ያምራል፣ ይቀላልም። ግን ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል፣ አንዱ ትከሻም ከፍ ብሎ ይቀራል። በሁለቱም ማንጠልጠያ ሲያዝ ግን ክብደቱ ለሁለት ይካፈላል።

ማንጠልጠያውን ደግሞ አሳጥሩት። ቦርሳው መቀመጫችሁ ላይ እየተንጠለጠለ የሚወዛወዝ ከሆነ ረዝሟል፣ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል። ጀርባችሁ ላይ ለጠፍ ማለት አለበት። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ላፕቶፑ፣ ወደ ጀርባ ይጠጋ። ቀላሉ ወደ ውጭ ይሁን።

4. ታክሲና ባቡር ውስጥ

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ቦታው የቦርሳ ቦርሳ የሚሸከም አይደለም። ትልቅ ቦርሳ ከሆነ ወይ ጎረቤታችሁን ያጣብባል፣ ወይ ረዳቱ "ከኋላ ይግባ" ይላችኋል። ከኋላ የገባ ቦርሳ ደግሞ ከዓይናችሁ ወጣ ማለት ነው፣ ስትወርዱም ይረሳል። ትንሿ ቦርሳ ግን ጭናችሁ ላይ ትቀመጣለች፣ እጃችሁም ከላይዋ ነው።

ቆማችሁ በምትሄዱበት አውቶቡስና በቀላል ባቡሩ ውስጥ ደግሞ ቦርሳውን ከጀርባ አውርዳችሁ ከፊት፣ ደረታችሁ ላይ ያዙት። ይህ ለሌባ ብቻ አይደለም። ጀርባችሁ ላይ ያለ ቦርሳ ዘወር ባላችሁ ቁጥር የሰው ፊት ይመታል፣ እናንተ ግን አይታወቃችሁም። በጃፓን የባቡር ድርጅቶች ሰው በሚበዛበት ሰዓት ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ እያሉ ተሳፋሪዎቻቸውን ያሳስባሉ። እኛም ጋ ማንም ሳያሳስበን ብንለምደው እናቶችና ሕፃናት ያመሰግኑናል።

5. ሌባው ምን ይፈልጋል?

ግፊያ ያለበት ቦታ ለኪስ አውላቂ ሠርጉ ነው። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ያወራችኋል፣ ሦስተኛው ዚፑን ይከፍታል። በምላጭ የሚቀድም አለ። እና፦

▪️ የውጪው ኪስ ውስጥ ሶፍት፣ እስክሪብቶና ማስቲካ እንጂ ስልክና ገንዘብ አይግባ።
▪️ ስልክና ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ገንዘብ ጀርባችሁን የሚነካው ኪስ ውስጥ ይሁን። ብዙ ቦርሳዎች ይህ ኪስ አላቸው፤ ስትገዙ ፈልጉት።
▪️ ባለ ሁለት ዚፕ ከሆነ ሁለቱን ከላይ መሐል ላይ አታገናኟቸው። ወደ ታች፣ ወደ አንድ ጎን አውርዷቸው።
▪️ ዋናው የትምህርት ማስረጃ፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ በየቀኑ አይዞርም። ኮፒው ወይም በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ ለብዙ ጉዳይ ይበቃል። ዋናው የተፈለገ ቀን ብቻ ይውጣ።

ከመጥፋቱ በፊት ዛሬውኑ የምትሠሩት አንድ ነገር አለ። ስልካችሁ ላይ *#06# ደውሉ፤ የሚመጣውን መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ላፕቶፑ ከታች በኩል የተጻፈበትን መለያ ቁጥርም እንዲሁ። ንብረቱ ቢገኝ የእናንተ መሆኑን የምታሳዩት በዚህ ነው።

ቦርሳው ከነስልኩ ከሄደ ደግሞ ቅድሚያ ሲም ካርዱን ማዘጋት ነው። በሰው ስልክ 994 ደውሉ። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለው ሰው ለባንኩም ወዲያው ያሳውቅ። ለፖሊስ 991 ነው። ታክሲ ውስጥ ከረሳችሁ ደግሞ ታርጋው ወሳኝ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ታርጋ በዓይን የማየት ልማድ ይኑራችሁ።

6. ፍተሻ በር ላይ

ባንክ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ የገበያ ማዕከል፣ ሆስፒታል፣ የትም ብትገቡ ፍተሻ አለ። ላፕቶፕ ካላችሁ አውጡና አስመዝግቡ ትባላላችሁ። ዕቃው ተደራርቦ የተጠቀጠቀበት ቦርሳ ያላችሁ ሰዎች ከኋላችሁ ሰልፍ ትሠራላችሁ። ላፕቶፑ የራሱ ክፍል ያለው ትንሽ ቦርሳ ግን ተከፍቶ ለመዘጋት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስትወጡ ማስፈረሙን አትርሱ፣ አለበለዚያ በራሳችሁ ላፕቶፕ በር ላይ ትከራከራላችሁ።

7. ምሳ ዕቃውስ?

ከምግብ ቤት ዋጋ አንጻር ምሳ ከቤት መቋጠር የብዙዎቻችን መፍትሔ ነው። የወጥ ዘይት ላፕቶፕ ላይ ከፈሰሰ ግን ያተረፋችሁት ሁሉ በአንድ ቀን ይሄዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወጡና እንጀራው በተለያየ ዕቃ ይሁኑ። የወጡ ዕቃ ክዳኑ የጎማ ማሸጊያ ያለው ይሁን፤ ውኃ ሞልታችሁ ዘቅዝቃችሁ ሞክሩት። ከዚያ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቦርሳው ሥር ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከላፕቶፑ በተለየ ክፍል። ትኩስ ወጥ ወዲያው አትክደኑ፤ በእንፋሎቱ ግፊት ክዳኑ ሊላቀቅ ይችላል። የቦርሳው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ምሳውን በሌላ ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ በእጅ መያዝ ይሻላል።

8. ክረምት ሲገባ

ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚዘንብ ለናንተ አንነግርም። ሻጮች "ውኃ አያስገባም" ሲሉ ግን ሁልጊዜ ልክ አይደሉም። ውኃ የሚቋቋም ጨርቅ አለ፣ ጨርሶ የማያስገባ ደግሞ ሌላ ነው። ጨርቁ ቢቋቋምም ውኃው በዚፑና በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል።

ከሥሩ የሚወጣ የዝናብ ልብስ ያለው ቦርሳ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ከሌለው ላፕቶፑን በራሱ መያዣ አድርጋችሁ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። እርጥብ ጃንጥላ ውስጥ አይግባ፤ የጎን ኪሱ ለዚሁ ነው። ማታ ቤት ስትገቡ ቦርሳውን ከፍታችሁ አናፍሱት፣ አለበለዚያ ይሸታል።

9. ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

መርካቶም ግዙ፣ ልባሽም ግዙ፣ አራት ቦታ አስተውሉ።

▪️ ማንጠልጠያው ከቦርሳው ጋር የተያያዘበት ቦታ። መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። መስቀለኛ ወይም ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ስፌት ይኑረው። ሻጩ ፊት ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑት።
▪️ ዚፑ። አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ ጥጉ ላይ የሚይዝ ከሆነ ተዉት።
▪️ ሥሩ። ድርብ ጨርቅ ካለው ወለል ላይ ቢቀመጥም ይቆያል።
▪️ ጨርቁ። መለያው ላይ 600 ዲ የሚል ካያችሁ ዲ ዴኒየር ማለት ነው፤ 9,000 ሜትር የሚረዝም ክሩ 600 ግራም ይመዝናል እንደማለት። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል፣ ቦርሳውም ይከብዳል።

የምርት ስም ብዙ አያታላችሁ፤ ታዋቂ ስም ተለጥፎበት የሚሸጥ ሁሉ የዚያ ድርጅት ሥራ አይደለም። ዋናው ስፌቱ ነው። ዚፑ ወይም ማንጠልጠያው ቢበላሽ ደግሞ ወዲያው አትጣሉት። ጫማ ሰፊዎች በአዲስ ቦርሳ ዋጋ ጥቂቱ ይጠግኑላችኋል።

10. አርብ ማታ አምስት ደቂቃ

በሳምንት አንድ ቀን ቦርሳውን ሙሉ በሙሉ አራግፉት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ "ይሄን በዚህ ሳምንት ነክቼዋለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ያልነካችሁት ቤት ይቅር። ልዩነቱ ለመድኃኒት፣ ለጃንጥላና ለትንሽ መጠባበቂያ ብር ብቻ ነው፤ እነሱ ባይነኩም ይቆዩ።

ቢሮ የሚቀር ነገር ካለም እዚያው ተዉት። ሁለተኛ ቻርጀር፣ ኩባያ፣ የቢሮ ጫማ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጡ በየቀኑ አይዞሩም። ጠፍጣፋ ጫማ አድርገው መጥተው ቢሮ የሚቀይሩ እህቶቻችን ይህን ከሁላችንም ቀድመው አውቀውታል።

በአጭሩ፣ የትራንስፖርቱን ሰልፍ እኛ አናሳጥረውም፣ ግፊያውንም አናስቀረውም። በጀርባችን የምንይዘውን ግን እኛው ነን የምንወስነው። ቀላል ቦርሳ የያዘ ሰው ታክሲ ሲመጣ ይፈጥናል፣ ሲሳፈር ሰው አያስቸግርም፣ ቢጠፋበት እንኳ የሚያጣው ትንሽ ነው።

እናንተስ ቦርሳችሁ ውስጥ በየቀኑ የምትይዙት፣ ግን ተጠቅማችሁበት የማታውቁት ነገር ምንድን ነው? ጻፉልን። ከባድ ቦርሳ ለሚሸከም ጓደኛችሁም አጋሩት።