ሆት ዶግ ተቀያሪ፣ እርጥብ ቋሚ ተሰላፊ

ረቡዕ ማታ ነው፤ የቻምፒዮንስ ሊግ ምሽት። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ በየሰፈሩ ያሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ጢም ብለው ሞልተዋል። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈው ፕሮግራም ጨዋታው ከምሽቱ 5 ሰዓት እንደሚጀምር ይናገራል። አውሮፓ ክረምት ሲሆን የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ነው የሚያልቀው። እራቱን የበላውም ያልበላውም እረፍት ላይ ሆዱ መጮሁ አይቀርም። ዳኛው የእረፍቱን ፊሽካ ሲነፋ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ ቦታውን ለጓደኛው አደራ ብሎ የሚወጣው ደጋፊ 15 ደቂቃ ብቻ አለው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ምን ይበላል?

ይህን ጥያቄ ለጀርመን ደጋፊ ቢያቀርቡለት ለመመለስ ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ዳቦ ውስጥ የገባ ቋሊማ ነው። አሜሪካዊውም ቤዝቦል ሊያይ ሲገባ ሆት ዶጉን ይዞ ነው። የአዲስ አበባው፣ በተለይም የቦሌና የምሥራቁ ክፍል ደጋፊ ግን በሁለት ምግቦች መካከል ቆሟል። በአንድ በኩል ከውጭ የፈረመው ሆት ዶግ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ከሰፈር ቡድን ያደገው እርጥብ። ሁለቱ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?

ባለዝናው እንግዳ

ሆት ዶግ ትልቅ ስም ይዞ ነው የመጣው። በአሜሪካ "ፍራንክፈርተር" እና "ዊነር" እየተባለ ሲጠራ የኖረው የጀርመኗን ፍራንክፈርትንና የኦስትሪያዋን ቪየናን ስም ተከትሎ ነው። ሕዝብ ምግብ ያደረገው ግን ርካሽነቱ ነው። ከፖላንድ የተሰደደው ናታን ሃንድወርከር እ.ኤ.አ. በ1916 በኒውዮርኩ ኮኒ አይላንድ ሱቁን ሲከፍት፣ ተፎካካሪው በ10 ሳንቲም የሚሸጠውን እሱ በ5 ሳንቲም ሸጠና ገበያውን ጠቀለለው።

ከእግር ኳሱ ጋር ያለው ዝምድናም የዋዛ አይደለም። ከጀርመን ጋር እ.ኤ.አ. የ1974ን የዓለም ዋንጫ ያነሣው፣ በኋላም ባየር ሙኒክን በሥራ አስኪያጅነትና በፕሬዚዳንትነት የመራው ኡሊ ሄነስ የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከሸሪኩ ጋር በኑረምበርግ የቋሊማ ፋብሪካ አቋቁሟል። ቮልፍስበርግ ያለው የቮልስዋገን ፋብሪካም ከ1973 ጀምሮ ቋሊማ ያመርታል፤ ቋሊማውም እንደ መኪና ዕቃ የራሱ የመለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ጀርመኖቹ ነገሩን ምን ያህል አክርረው እንደያዙት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቦሌ ላይ ሹካ የያዘው

እንግዳው ተጫዋች ቦሌ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከመድኃኔዓለም እስከ አትላስ ባለው አካባቢ ሆት ዶግ የሚያቀርቡ ካፌዎችና በርገር ቤቶች ሜኑ ላይ ስሙ የሚገኘው ከበርገሩና ከፒዛው በታች ነው። ሲቀርብም በሳህን ነው፤ ጎኑ ቺፕስ፣ ከላይ ካችአፕና ማዮኔዝ፣ አንዳንዴም ሹካና ቢላ ይከተለዋል። በአገሩ ቆመው በእጅ የሚበሉትን ምግብ ቦሌ ወንበር ስቦ አስቀምጦታል።

ጣዕሙ አይከፋም። ዳቦው ለስላሳ፣ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ ነው። ቋሊማው ከበሬ ወይም ከዶሮ ሥጋ ቢሠራም ደንበኛው "የምንድን ነው?" ብሎ መጠየቁን አይተውም። የአሳማ ሥጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይበላው ነገር ነውና። ዋናው ድክመቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቋሊማው ቀድሞ በፋብሪካ የበሰለ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ብረት ምጣድ ላይ የሚሞቅ በመሆኑ የሙያ ልዩነት እምብዛም አይታይበትም። አንዱ ቤት ያለው ከሌላው ቤት ካለው የሚለየው በዳቦውና በሶሱ ነው። እጇ የሚጣፍጥ ሴት ብትሠራውም፣ ትናንት የተቀጠረ ልጅ ቢሠራውም ያው ነው።

ፍጥነቱስ? አዝዞ፣ ጠብቆ፣ በልቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ ለመውጣት 15 ደቂቃ ጭራሽ አይበቃም። ተመልሶ ሲገባ ጎል ገብቶ ቤቱ በጩኸት ሲናጥ ይደርሳል። ዋጋውም ቢሆን ለአንድ ሳህን የሚከፈለው ገንዘብ ለጓደኛ ጭምር እርጥብ ይገዛል። በአጭሩ፣ ሆት ዶግ በቴክኒክ ጥሩ ነው፤ በፍጥነት ግን ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ነው።

ረቡዕና ዓርብ የማይሰለፈው

ሆት ዶግን ከቋሚ ተሰላፊነት ያስወጣው ከዚህም የባሰ ችግር አለበት። የቻምፒዮንስ ሊግ ዋነኛ ምሽቶች ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ምሽቶች በአንዱ ሆት ዶግ ለጾመኛው ደጋፊ ገና ከጅምሩ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ጉዳዩ በዚህም አያበቃም። 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚውለው። ይህ ደግሞ ቻምፒዮንስ ሊጉ ወደ ጥሎ ማለፍ የሚገባበት፣ በእንግሊዝም የዋንጫው ፉክክር የሚከርርበት ወቅት ነው። የቡድኑ ኮከብ ትልልቆቹ ጨዋታዎች ሲመጡ በቅጣት ከሜዳ ሲርቅ ምን ይባላል? ሆት ዶግ በዓመቱ ወሳኝ ወራት የሚሆነው እንደዚያ ነው።

በፍስክ ቀንም ቢሆን ሥጋ ጠረጴዛውን ይከፍላል። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ዕርድ ነው የሚበላው። አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ለአንድ ቡድን የሚጮኹ ሁለት ጓደኛሞች እረፍት ላይ ሥጋ ልብላ ካሉ መንገዳቸው ይለያያል። ድንች ግን ሃይማኖት የለውም።

ከሰፈር ያደገው

እርጥብን ለማያውቅ አዲስ አበቤ ማስተዋወቅ ያስቃል፤ ቢሆንም እንደ ማንኛውም ተጫዋች ብቃቱ ይገምገም። ሞላላ ዳቦ ጎኑ ይሰነጠቃል። የተጠበሰ ድንች ይጠቀጠቅበታል። ከዚያ የቲማቲምና የሽንኩርት ስልስ ወይም ዳጣ ይፈስበታል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ደረቁ ዳቦ በስልሱ ይርሳል። ሲፈለግ እንቁላል ይጨመርበትና "ስፔሻል" ይሆናል። በወረቀት ተጠቅልሎ እጅ ላይ ሲደርስ ሹካ የለ፣ ሳህን የለ፣ ሒሳብ አምጡ የለ። እየተበላ ወደ ዲኤስቲቪ ቤቱ መመለስ ይቻላል።

ከሆት ዶግ በተቃራኒ እዚህ ላይ ሙያ አለ። ሁለት ጋሪዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ወረፋ ሲይዝ ሌላው ዝንብ የሚያባርረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት አራት ነገሮችን ማየት ይበቃል።

አንደኛ ዘይቱ። የጠቆረ፣ አረፋ የሚደፍቅና የሚከረፋ ዘይት ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ነው። ሁለተኛ ድንቹ። አሁን ከዘይት የወጣ ድንች ጫፉ ይንኮሻኮሻል፤ ከቀን ጀምሮ የተቀመጠው ግን ይልፈሰፈሳል፤ እሱን ደግሞ ስልስ አብዝቶ መሸፈን የተለመደ ዘዴ ነው። ሦስተኛ ዳቦው። የትናንት ዳቦ ስልሱን ሲያገኝ ይፈራርሳል፤ በጣም ትኩስ የሆነው ደግሞ ይላቁጣል። አራተኛ ስልሱ። በደንብ የበሰለ ስልስ ቀይ ሆኖ ይወፍራል፤ ጥሬ ቲማቲም የበዛበት ግን ውኃው ክንድ ላይ ይወርዳል። ጾመኛ ከሆኑ አምስተኛ ጥያቄ አለ፤ እንቁላሉ የሚጠበሰው በዚያው ዘይት ነው ወይስ በሌላ?

በዚህ መለኪያ ምሥራቁን የከተማ ክፍል ለሚዞር ሰው ቦታው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። መገናኛ የታክሲው፣ የአውቶቡሱና የባቡሩ መገናኛ በመሆኑ እግረኛ አይቋረጥበትም። ሰው በበዛበት ቦታ ድንቹ ለመቆየት ጊዜ አያገኝም፤ ዘይቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስለሚሠራ ሲመሽ ይደክማል። ስለዚህ የመገናኛ እርጥብ በጊዜ ነው የሚበላው። በገርጂ፣ በጉርድ ሾላና በአያት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ነገሩ ይገለበጣል። ገበያው የሚደራው ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣና ማታ ኳስ ሲኖር ነው። በመሀል የሄደ ሰው የቀዘቀዘ ድንች ሊደርሰው ይችላል፤ ጨዋታ ባለበት ምሽት እረፍት ላይ የሄደ ግን ትኩሱን ያገኛል። ሻጩም የፕሮግራሙን ሰዓት ከደጋፊው እኩል ያውቃል። የመጀመሪያው አጋማሽ 40ኛ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ድንቹን ዘይት ውስጥ ይለቃል።

ከካታንጋ እስከ አያት

ይህ ግንኙነት በቴሌቪዥን የተጀመረ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችበት የአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያውን ሲያበላ የኖረ ሜዳ ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ ወይም ከማን አንሼ የሚገባው ተመልካች ቆሎውን፣ ለውዙንና ሱፉን በኪሱ ይዞ ነበር የሚገባው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ፣ ትኬት ፍለጋ በሌሊት የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ የሚቀምሰውን ያገኘው ከመንገድ ዳር ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የምሥራቁ ደጋፊ ተመቸው። የቡናም ሆነ የጊዮርጊስ ማሊያውን ለብሶ አያት ላይ የተሳፈረ፣ ሳይቀይር ስታዲየም ፌርማታ ላይ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ግን ኳሱ ከከተማው ወጣ። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪምየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር፣ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ መጫወት ያዙ። ስታዲየሙም ለዕድሳት ተዘጋ። ብሔራዊ ቡድኑ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ በመጥፋቱ "የሜዳውን" ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉበት ያ ድንቅ ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ውጤቱ የአገር ኩራት ሆነ፤ በስታዲየሙ በር ላይ ቆመው የሚሸጡት ግን በዚያ ቀን አንድም ደንበኛ አላገኙም። ደጋፊው ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሲገባ እርጥቡም ተከትሎት ወደ ሰፈር ገባ።

ቀጣዩ ሜዳ

አሁን የእርጥብ ጋሪ ሌላ ፈተና ገጥሞታል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በመጀመሪያው ምዕራፍ ከነካቸው መስመሮች አንዱ ከቦሌ መገናኛ ያለው ነው። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው መሄጃ ተዋበ፣ መብራት በመብራት ሆነ። ጎዳናው ሲያምር ግን ድስትና ምድጃ ይዞ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆመው ሰው ቦታ አጣ። ጋሪው ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ገባ፤ ደንበኛውም ፈልጎ ማግኘት ግድ ሆነበት። ንጽሕናው የተጠበቀ ከተማ የማይፈልግ የለም። የዘይቱን ጥቁረት የሚቆጣጠር ቢኖርም ደጋፊው ነው የሚጠቀመው። ግን መቆጣጠር ሌላ፣ ማጥፋት ሌላ።

ነገሩ የሚለይበት ቦታም እዚያው ቦሌ ውስጥ ነው። ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ነው የታቀደው። እስቲ ከ60 ሺሁ ተመልካች ከአሥር አንዱ ብቻ እረፍት ላይ ራበው እንበል፤ በ15 ደቂቃ 6 ሺህ ሰው ማስተናገድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ሕዝብ በሹካና በቢላ ማብላት አይቻልም። ለበሩ ዙሪያ ኪዮስክ ሲታሰብ፣ ውኃና የቆሻሻ ማስወገጃ ያለው፣ ኪራዩም የድንች ጠባሽ አቅም የሚችለው ቦታ አብሮ ቢታሰብ ሜዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአዲስ አበባ ይሆናል። ካልታሰበ ግን ከውጭ የመጣው ሆት ዶግ ብቻውን ሜዳ ይገባል፤ ረቡዕ ሲሆን ደግሞ እሱም የለም፤ ደጋፊው ባዶ ሆዱን ይጮኻል።

የውድድሩ ውጤት ስለዚህ ግልጽ ነው። ሆት ዶግ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኪስ ሞላ ሲል፣ ከቤተሰብ ጋር ቦሌ ቁጭ ብለው የሚበሉት ነው። ተቀይሮ ሲገባ ደስ የሚል ተጫዋች ይወጣዋል። ጾም ፍስክ ሳይል፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይለይ፣ የጊዮርጊሱንም የቡናውንም እኩል አጥግቦ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ወንበሩ የሚመልሰው ግን እርጥብ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነው። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ የወጣው ደጋፊ የቀረችውን ግማሽ በወረቀት ጠቅልሎ እየተጋፋ ይገባል። ጓደኛው ቦታውን ጠብቆለታል፤ እጁን ግን ከወዲሁ ዘርግቷል።