ጥቁር ባሩድ ወይስ ምትኩ? ለባለ ባልጩት ጠመንጃ የሚስማማውን መለየትና ከአደጋ መጠበቅ

በሪያድ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው ራውዳም ሆነ በሌሎች የከተማዋ ሠፈሮች በቤት ውስጥ ሥራ፣ በሹፌርነት፣ በጥበቃና በጽዳት የተሠማሩ ኢትዮጵያውያን በአንዳንድ መጅሊሶች ግድግዳ ላይ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሎ ሊያዩ ይችላሉ። በብር ያጌጠ፣ አፈ ሙዙ ረጅም፣ በጎኑ የድንጋይ መንከሻ ያለው መሣሪያ ለብዙዎች ከቤት ጌጥ የተለየ አይመስልም። ሆኖም መሣሪያው የሚሠራበት ባሩድ የራሱ ጠባይ አለው። ጠባዩን አለማወቅ ተኳሹን ብቻ ሳይሆን ጠመንጃውን የሚወለውለውን ሠራተኛም ለጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

የእነዚህን ጠመንጃዎች ባለቤቶች፣ ሰብሳቢዎችና በባህላዊ ትርዒት ላይ የሚተኩሱ ሰዎችን ዘወትር የሚያነጋግር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የጥንቱን ጥቁር ባሩድ መጠቀም ይሻላል ወይስ በዘመናችን የተሠራውን ምትክ ባሩድ የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው በባሩዱ ጉልበት ላይ ሳይሆን እሳቱ ወደ ባሩዱ በሚደርስበት መንገድ ላይ ነው።

ባሩድ በሁለቱ አገሮች

ባሩድ የሚለው ቃል በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው። በዐረቢያ ምድር ለረጅም ዘመን ያገለገለው ጠመንጃ «አቡ ፈቲል» ይባል ነበር፤ በአማርኛ «ባለ ፈትል» እንደ ማለት ነው። የሚነድ ፈትል ወደ ባሩዱ ዝቅ ሲል ይተኩሳል። ከእርሱ በኋላ ባለ ባልጩቱ፣ ቀጥሎም በምት የሚፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚደረግበት ጠመንጃ መጣ። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ባሩዱና አረሩ በአፈ ሙዝ በኩል ገብተው በዘንግ የሚጠቀጠቁ መሆናቸው ነው።

ይህ ልማድ በሳዑዲ ዓረቢያ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በጣኢፍ አካባቢ በሚታየው «ተዕሺር» በተባለው ባህላዊ የጦር ጭፈራ፣ ተጫዋቹ በባሩድ የተሞላ ጠመንጃ ይዞ ወደ ላይ እየዘለለ ከእግሩ በታች ወደ መሬት ይተኩሳል። እሳቱና ጢሱም የጭፈራው ጌጥ ናቸው። በሪያድ የሚታወቀው የነጅድ ዐርዳ በሰይፍ፣ በከበሮና በግጥም የሚከናወን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የካቲት ወር በገባ ቁጥር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 በሚከበረው የምሥረታ ቀንም የጥንቱ አለባበስና ትጥቅ በአደባባይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1902 ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የያዙት የመስመክ ምሽግ ዛሬ ቤተ መዘክር ሲሆን፣ ከሚያሳያቸው ቅርሶች መካከል አሮጌ የጦር መሣሪያዎች ይገኙበታል።

ለኢትዮጵያውያንም ነገሩ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን ነፍጥ ይሉት የነበረው መሣሪያ በአፈ ሙዝ ይጎርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1868 በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ፣ የዓፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአብዛኛው እንዲህ ባለው ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርሰውን የእንግሊዞች ስናድር ገጥሟል። አንዱ ባሩድ ሰፍሮ፣ አረር ጨምሮ፣ ጠቅጥቆ እስኪያነጣጥር ድረስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል።

ብልጭታው እንዴት ይደርሳል?

በባለ ባልጩት ጠመንጃ ላይ ምላጩ ሲሳብ በመንከሻው የተያዘው ባልጩት የጠነከረ የብረት ሰሌዳን ፈግፍጎ ይመታል። ባልጩቱ ከብረቱ ላይ የሚልጣቸው ጥቃቅን ስብርባሪዎች ግለው ብልጭታ ይሆናሉ። ብልጭታው ከሥር ባለች ትንሽ ገበቴ መሰል ጎድጓዳ ውስጥ በተነሰነሰ ደቃቅ ባሩድ ላይ ይወድቃል። የዚህ ባሩድ ነበልባል ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ በጠመንጃው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ዋና ባሩድ ያቀጣጥላል።

ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ከተጓደለ ጠመንጃው አይተኩስም። ብልጭታዎቹ እጅግ ቢሞቁም ጥቃቅን ስለሆኑ በቅጽበት ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ የሚያርፉበት ባሩድ በቀላሉ እሳት የሚቀበል መሆን አለበት። ጥቁር ባሩድ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቁር ባሩድ የፖታሲየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ውሕድ ነው። ፖታሲየም ናይትሬቱ ለቃጠሎው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ከሰሉ ማገዶ ነው። ድኙ ማገዶ ከመሆኑም በላይ ውሕዱ በአነስተኛ ሙቀት እሳት እንዲይዝ ያደርጋል። የባሩዱ ፍሬ እየደቀቀ በሄደ መጠንም ቶሎ ይቀጣጠላል። አምራቾች የፍሬውን መጠን «ኤፍ» በሚለው ፊደል ብዛት ይለያሉ፤ ፊደሉ በበዛ ቁጥር ባሩዱ ይደቅቃል። አራት ኤፍ የተባለው እጅግ ደቃቁ ለገበቴው፣ ሁለት ወይም ሦስት ኤፍ የተባለው ደግሞ እንደ ጠመንጃው ስፋት ለዋናው ሙሌት ይውላል።

ምትክ ባሩድ ለምን መጣ?

ጥቁር ባሩድ ጠንቅ አለው። በብልጭታ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በብዙ አገሮች ሕግ ከፈንጂዎች ጋር ይመደባል፤ ማጓጓዙም ማከማቸቱም ጥብቅ ነው። ሲቃጠልም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ጠጣር ቅሪት ሆኖ ይቀራል። የሚታየው ነጭ ጢስና በቱቦው ውስጥ የሚጋገረው ጥቀርሻ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ፓይሮዴክስ የተባለ ምትክ ባሩድ ለገበያ ቀረበ። በኋላም ድኝ የሌለበት ትሪፕል ሰቨን ተከተለ። እነዚህ ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ስለሚሹ አጓጓዣቸው ይቀልላል፤ በየመደብሩም በቀላሉ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጎኤክስ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ የጥቁር ባሩድ ፋብሪካ እንደሚዘጋ በተነገረ ጊዜ፣ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ኩባንያ እስኪገዛው ድረስ ብዙ ተኳሾች የባሩድ እጥረት ያሰጋቸው ነበር።

ሆኖም ምትኩን ለማጓጓዝ የሚያመቸው ጠባይ በባለ ባልጩት ጠመንጃ ላይ ሲደርስ እንቅፋት ይሆናል። በቀላሉ አለመቀጣጠሉ ለመጋዘን መልካም ነው፤ ለደካማ ብልጭታ ግን አይመችም። ምትክ ባሩድ በሚገባ የሚሠራው በምት የሚፈነዳው ቆብ ጠንካራ ነበልባል በቀጥታ በሚልክበት ጠመንጃ ላይ ነው። በባለ ባልጩቱ ገበቴ ላይ ቢደረግ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ወይም ዘግይቶ ይነሣል። መዘግየቱ ከመክሸፉም ይብሳል። ተኳሹ ከሸፈብኝ ብሎ አፈ ሙዙን ወደ ሰው ባዞረበት ቅጽበት ሊፈነዳ ይችላልና። ስለዚህ ምላጩ ተስቦ ያልተኮሰ ጠመንጃ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደተያዘ መቆየት አለበት።

በአሰፋፈርም ልዩነት አለ። ምትክ ባሩድ ከጥቁሩ ይልቅ ቀላል ስለሆነ የሚለካው በክብደት ሳይሆን በስፍር ነው። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ትሪፕል ሰቨን፣ ጉልበቱ ስለሚበልጥ ከጥቁሩ ስፍር እንዲቀነስ አምራቹ ያሳስባል። ጽዳትን በተመለከተም ምትኩ ነጻ አያወጣም። ብዙዎቹ የሚተዉት ቅሪት ብረትን ያዝጋል፤ የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻም እርጥበት ይስባል። በደረቁ የሪያድ አየር ዝገቱ ቢዘገይም እንደ ጅዳ ባለ ወበቃማ የባሕር ዳር ከተማ ፈጥኖ ይታያል። ለሁለቱም መድኃኒቱ በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው።

ፈጽሞ መሞከር የሌለበት

ከሁለቱ ምርጫዎች ውጭ ያለው ሦስተኛው ባሩድ በዘመናዊ ጥይት ውስጥ የሚገኘው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1884 በፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ነው። ከዚያ በፊት ከኋላ የሚጎርሱት ጠመንጃዎች እንኳ በጥቁር ባሩድ ይሠሩ ነበር። በዐድዋ የምናውቀው ውጅግራ በመጀመሪያ የተሠራለት ጥይት ባሩዱ ጥቁር ነው።

ጭስ አልባው ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። የአሮጌ ጠመንጃ ብረት ይህን ግፊት አይችልም፤ ቱቦው ተሰንጥቆ የተኳሹን እጅና ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ሁለቱም በልማድ ባሩድ ስለሚባሉ ስሙ ያሳስታል። ቀለሙም ቢሆን አይታመንም፤ ጭስ አልባውም ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የአምራቹ ጽሑፍ በሌለበት ዕቃ ውስጥ የተገኘ ባሩድ ምንነቱ እንዳልታወቀ ተቆጥሮ መተው ይገባዋል።

አሮጌ ባሩድ አያረጅም

ነገሩ በመኖሪያ ቤቶች የሚሠሩ ወገኖችን የሚመለከተው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከእርጥበት የተጠበቀ ጥቁር ባሩድ ከመቶ ዓመት በኋላም ኃይሉን አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ከ140 ዓመታት በፊት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የተሠራ የመድፍ አረር ሲጸዳ ፈንድቶ የሚያጸዳውን ሰው ገድሏል። በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃም ባለቤቱ ሞልቶ ሳይተኩሰው ቢሞት፣ ሙሌቱ ከነአረሩ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ከውጭ ሲታይ ባዶውና የተሞላው አይለዩም። ባለሙያዎች የሚለዩት ዘንግ አስገብተው ጥልቀቱን ከውጩ ርዝመት ጋር በማነጻጸር ነው። ይህም ለእነርሱ የሚተው ሥራ እንጂ የቤት ሠራተኛ ሊሞክረው የሚገባ አይደለም።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ ያለን አሮጌ ጠመንጃ የሚያጸዳ ሠራተኛ አስቀድሞ አሠሪውን ባዶ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጦ እንደሆነ ይጠይቅ። እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ተሞላ ይቁጠረው፤ መንከሻውንና ምላጩን አይንካ፤ በአፈ ሙዙ ፊት አይቁም፤ ወደ እሳት ወይም ወደ ምድጃ አያስጠጋው። በቀንድ፣ በቆዳ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ጥቁር ፍሬ ቢያገኝ አያሽተው፣ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ አይሳበው፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣለው። አካባቢው ሲጋራ እንዳይጨስበት አድርጎ ለአሠሪው ያሳውቅ። አደጋ ከደረሰ በሪያድ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 911 ነው።

ሕጉም መዘንጋት የለበትም። በሳዑዲ ዓረቢያ የጦር መሣሪያና ጥይት ያለ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ መያዝ፣ መግዛትም ሆነ መሸጥ ያስቀጣል። በሰርግና በደስታ ላይ መተኮስም የተከለከለ ነው። በሱቅ አል-ዘል የጥንት ዕቃ ገበያ ዐይን የሚስብ አሮጌ ጠመንጃ ያየ ሰው «ጌጥ ነው» በሚል ብቻ ገዝቶ ወደ አገር ቤት ሊልክ ቢያስብ፣ አስቀድሞ ከፖሊስና ከጉምሩክ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ባሩድን በተጓዥ ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር በዓለም አቀፍ የበረራ ደንብ ፈጽሞ ክልክል ነው።

በጥቅሉ፣ ፈቃድ ላለው ተኳሽ ምርጫው ግልጽ ነው። በፈትል ወይም በባልጩት ብልጭታ ለሚነሣው ጥቁር ባሩድ ይስማማል፤ ምትኩ ቆብ ለሚደረግበት ጠመንጃ ነው፤ ጭስ አልባው ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም። ተኳሽ ላልሆነውና መጅሊሱን ለሚያጸዳው ሠራተኛ ግን የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ነው፤ ይኸውም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ባዶነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ጌጥ አለመሆኑ ነው።